የራይና ከንፈር

ኔቬና የገዛ እናቷን የመርዶ ወረቀት ከመብራት ምሰሶ ላይ ስትገነጥል ያዩ ሰዎች ዓይናቸውን አላመኑም። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ሐሙስ ገበያ በሚያልፍበት መንገድ፣ ያውም ለሙት ዓመቱ ሁለት ቀን ሲቀረው! ምሰሶውን ስትጨርስ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች። ከማቆሚያው ወደ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ። የገነጠለችውን ሁሉ ብብቷ ሥር ትወሽቃለች፤ ያልደረቀው ሙጫ ሸሚዟን አበላሽቶታል፣ እሷ ምን ግዷ!

ዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው ሎም ከተማ ውስጥ የመርዶ ወረቀት አይቀደድም። ሰው ሲሞት፣ ኋላም በአርባው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ፣ ፎቶውና ስሙ ያለበት ወረቀት ይለጠፍለታል፤ ከተለጠፈ በኋላ የዝናብና የፀሐይ ነው፣ የሰው እጅ አይነካውም። በሩን ቀለም የሚቀባ ሰው እንኳ ወረቀቱን ትቶ ዙሪያውን ይቀባል። ዕድሜ ልካቸውን የተኳረፉ ጎረቤቶች አንዱ የሌላውን ሟች አይነኩም። ታዲያ ልጅ የእናቷን?

«ኧረ አንቺ ልጅ! ኧረ በእግዚአብሔር!» አሉ ባይ ጌንቾ፤ ጋሼ ጌንቾ እንደማለት ነው። የእናቷ የራይና ጎረቤት ናቸው፤ በራቸው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ ሲፈለፍሉ ነው ያገኘቻቸው። «አበድሽ እንዴ? የሟች ወረቀት ነው እኮ!»

«የማን ሟች?» ኔቬና አንዱን ወረቀት አፍንጫቸው ሥር ደቀነችው። «እስቲ ይንገሩኝ። ዕድሜዎን ሙሉ አጥር ለአጥር ኖረዋል። ማን ናት ይቺ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉና አደረጉ። አዩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ደግመው አዩ።

«ያቺ የመዝሙር አስተማሪ አይደለችም? ያቺ ከቪዲን የመጣችው፣ ሰልካካዋ?»

«ስሙን ያንብቡ።»

አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ራይና? የእኛ ራይና? ኧረ ወዲያ! ይቺማ ራይና አይደለችም!»

«ይኸው!» ብላ ጮኸች ኔቬና። «ይኸው እኮ ነው የምለው!» ወረቀቱን መልሳ ብብቷ ሥር ወሸቀችና ወደሚቀጥለው ምሰሶ አመራች። ባይ ጌንቾ ከኋላዋ አማተቡ።

ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ቆንጆ ናት፣ መካድ አይቻልም። ፊቷ እንደ ተላጠ እንቁላል ልስልስ ብሏል። ዓይኗ ጥግ አንዲት መስመር የለም፣ ግንባሯ ላይ የለም፣ አንገቷ ላይ የለም። ከንፈሯ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እንደዚህ ዓይነት ሴት ሎም ውስጥ ኖራ አታውቅም፤ ከኖረችም ራይና አይደለችም።

ራይና ስትወለድ የላይኛው ከንፈሯ እስከ አፍንጫዋ ድረስ የተሰነጠቀ ነበር። የከተማው ሐኪም ሰፋላት። ሰፋላት ማለት ገጠመላት እንጂ አላሳመረላትም። ስፌቱ አፍንጫዋ ሥር ሲደርስ ትንሽ ወደ ውጭ ይታጠፋል፣ ከንፈሯም በዚያው በግራ በኩል ወደ ላይ ሳብ ይላል፣ ስትስቅ ደግሞ ፊቷ ሁሉ ወደዚያው ይሰበሰባል። የሰፈር ልጆች «ጥንቸሏ» ይሏት ነበር። ስለዚህ ራይና ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። በሠርጓ ፎቶ ላይ ያ እጅ አለ፣ በልጇ ክርስትና ላይ አለ፣ የምትሠራበት ፋብሪካ ሠራተኞች ሽርሽር የሄዱ ቀን በተነሱት ላይም አለ። አልበሙን የገለጠ ሰው ይቺ ሴትዮ ዕድሜዋን ሙሉ ጥርሷን ያማት ነበር ወይ ብሎ ያዝንላታል።

ከአንዱ ፎቶ በቀር። አንድ በጋ ባሏ ሜቶዲ ዳኑብ ዳር ወሰዳትና ሁለት እጇን የሚሞላ የሐብሐብ ቁራጭ አስያዛት። ከዚያ ካሜራውን ደቀነ። ምን እንዳላት እሱ ነው የሚያውቀው፤ ብቻ ሳቀች። እጇን እንዳታነሳ ሐብሐቡ አለ። ሐብሐቡን እንዳትጥል ቀሚሱ አዲስ ነው። ሜቶዲ ካሜራውን ተጫነው። ራይና አፏን ሳትሸፍን የሳቀችበት ፎቶ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው፤ እናቷ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ኔቬና ለሙት ዓመቷ ያሰበችውም እሱን ነበር።

ኔቬናም የተወለደችው በዚያው ከንፈር ነው፣ በዚያው በግራ በኩል። የሰፋትም ያው ሐኪም ነው፣ ሸምግሎ፤ እጁ ግን ያው እጅ ስለሆነ አፍንጫዋ ሥር ያቺ ትንሽ መታጠፊያ ሳትቀር አለቻት። ልጅ ሳለች እንግዳ ፊት በሳቀች ቁጥር የእናቷ እህት ሌሊያ ዝላታ፣ አክስቴ ዝላታ እንደማለት፣ ከማድቤት ብቅ ብላ «እጅሽ! እጅሽ!» ትላት ነበር። ክፉ ሆና አይደለም፤ «አፍንጫሽን ተናፈጪ» እንደማለት አድርጋ ነው የምትለው። ኔቬና እጇን ታነሳለች። ይኸው ሃምሳ ዓመት አልፏትም ታነሳለች። አሁን ታዲያ በዚያው በሐብሐቡ ፎቶ የእናቷን ከንፈር እንደ ግድግዳ ለስነው በየምሰሶው ሲለጥፉት እሷን ምን እያሏት እንደሆነ ጠፍቷቸው ነው?

ወረቀቱስ ወረቀት ነው፣ ዝናብ ይወስደዋል። ነገር ግን ይኸው ፎቶ ሰኞ ዕለት ለሐውልት ሠሪው ይሰጣል፤ እሱ ሸክላ ላይ አትሞ የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ይለጥፈዋል። ያንን ደግሞ ዝናብም ፀሐይም አይወስደውም። እናቷ የማታውቃት ሴት ፊት ተለጥፎባት ለዘላለም ልትተኛ ነው። ኔቬናን ከባቡር ወርዳ ሻንጣዋን እንኳ ቤት ሳታደርስ ምሰሶ ለምሰሶ ያሯሯጣት ይህ ነው።

ለሁለት ሳምንት ሶፊያ ነበረች፣ ጉልበቷን ስትታከም። ሁሉም ነገር የተሠራው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው። ደግሞ የት እንደተሠራ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ሎም ውስጥ አሮጌ ፊልም አንብቦ የመርዶ ወረቀት የሚያትም ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የእሷው ቤት።

የፎቶ ቤቱ የሁለት ሰው ነው። ኔቬና አሮጌ ፊልሞችን ስካን ታደርጋለች፣ ታጸዳለች። ቬሊን የጥሪ ካርዱን፣ የመታወቂያ ፎቶውን፣ የመርዶ ወረቀቱን ይሠራል። ቬሊን ደግ ልጅ ነው፤ ልጅ ማለቴ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ጥፋቱ አንድ ነው፣ ሰው ፊቱ ሲያለቅስ እምቢ ማለት አይችልም።

«እንኳን ደህና መ...» ብሎ ጀመረ። ብብቷ ሥር ያለውን ሲያይ ተነስቶ ወንበር ሳበላት።

ኔቬና የወረቀቱን ክምር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። «ማነው የሠራው?»

«ኔቬና፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ጉልበትሽ...»

«ጉልበቴን ተወው! ማነው የሠራው አልኩህ!»

«እኔ ነኝ። ሌሊያ ዝላታ ኔጋቲቩን ይዛ መጣች። አለቀሰች። ኔቬና ታውቃለች አለችኝ።»

«ኔቬና ታውቃለች!»

«ከንፈሯን ብቻ ትንሽ አስተካክልልኝ ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ... አቧራው ብዙ ነበር፣ የኮምፒውተሩን ማጽጃ ተጫንኩት። ከዚያ ቆዳዋን ትንሽ አለሰለስኩት። ከዚያ አሸዋውን...»

«አሸዋውንም?» አለች ኔቬና። ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ቬሊን የፈራው ያን ጊዜ ነው።

አሸዋው የሚሉት ፊልም ሲጎላ የሚታየውን ደቃቅ ነጠብጣብ ነው። ቆሻሻ አይደለም፣ ፎቶው ራሱ የተሠራው ከእሱ ነው። ይህን ስንቴ ነግራዋለች! አቧራ ከውጭ የመጣ ነው፣ አንሳው። ጭረት ከውጭ የመጣ ነው፣ ዝጋው። አሸዋው ግን የፊልሙ ነው፣ መጨማደዱ የሰውየው ነው፣ ጥላው የዚያ ቀን ፀሐይ ነው፤ እጅህን ሰብስብ። ደንበኛው «አሮጌ መሰለብኝ» ካለህ፣ አሮጌ ነው እኮ፣ ምን ሊመስል ኖሯል በለው። እንዲህ እያለች ነው ያስተማረችው።

«ሰው ፊትህ ቆሞ ሲያለቅስ ምን ትላለህ ታዲያ?» አለ ቬሊን። «እኔ ቆንጆ ሆነች ብዬ ነው።»

«ቆንጆ ሆነች! እናቴ አስቀያሚ ነበረች?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ብለሃል እንጂ! አትመህ፣ በየምሰሶው አስለጥፈህ ብለሃል!» እጇ በልማድ ወደ ከንፈሯ ሄደ። በንዴት መልሳ አወረደችው። «ና እስቲ እየኝ። ቀና በል! እኔንስ ስሞት ምን ልታደርገኝ ነው? ያንኑ ማጽጃ ልትጫንብኝ ነው?»

ቬሊን እስከ ጆሮው ቀላ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲሠሩ ስለ ከንፈሯ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። እሱ ማየቱን እሷ እንዳታውቅ፣ እሷም ማወቋን እሱ እንዳያውቅ ሁለቱም ተጠንቅቀው ነው የኖሩት። አሁን ጥንቃቄው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፎ ተቀመጠ።

«ኔጋቲቩ የት አለ?»

«ሌሊያ ዝላታ ይዛው ሄደች። ግን ቆይ፣ ኔቬና፣ አንድ ነገር...»

አልቆየችም። በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችው፤ ከግድግዳው ላይ የሙሽሮች ፎቶ ወደቀ።

ሌሊያ ዝላታ ማድቤት ተቀምጣ ለቅዳሜው ንፍሮ ስንዴ እየለቀመች ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች ባሎቻቸው ከሞቱ በኋላ በዚህች ቤት አብረው ነው የኖሩት። የራይና ወንበር አሁንም መስኮቱ ሥር አለ፣ ማንም አይቀመጥበትም።

«ኔጋቲቩን አምጪ» አለች ኔቬና ከበሩ ላይ።

«መጀመሪያ እንደምን ዋልሽ ይባላል።»

«ኔጋቲቩን!»

«ጉልበትሽን ምን አሉሽ?»

«ሌሊያ፣ አታስጩኺኝ።»

«እየጮህሽ ነው እኮ።» ዝላታ ከስንዴው ውስጥ ጠጠር ለቅማ ወደ ጎን አደረገች። «ሰፈሩ ሁሉ ደውሎ ነግሮኛል፤ የእህቴን ወረቀት እየገነጠልሽ ስትዞሪ ውለሻል። የጉድ ልጅ! እኔ ከእንግዲህ ዓይኔን ወደ ሰው እንዴት ነው የማነሳው?»

«ያንቺ ዓይን! እናቴን ደምስሰሻት ስታበቂ ስላንቺ ዓይን እናውራ?»

«ደመሰስኳት? እኔ?» ዝላታ ትሪውን አስቀመጠች። ትንሽ ሴት ናት፤ ስትቆጣ ግን ማድቤቱ ይጠባታል። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ! አንቺ የመጣሽው ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ድንጋይ በኪሴ ሞልቼ ነበር ከጎኗ የምሄደው። ጥንቸሏ ያላትን ሁሉ ፈንክቻለሁ። የአናጢው ልጅ ቅንድቡ ላይ እስከ ሞተበት ቀን ምልክቴ ነበረበት። ሰው ፊት ኬክ በልታ አታውቅም፣ ታውቂያለሽ? በገዛ ሠርጓ! ዓይኗ እያየ ሰው ሁሉ ሲበላ እሷ ቁጭ። ማታ ጓዳ ገብታ ከእኔ ጋር ነው የበላችው። እኔ ነኝ ይህን ያየሁት። አንድ ጊዜ እንኳ፣ ሞታም ቢሆን፣ እንደ ሰው ሰው ፊት ትታይልኝ ብዬ ነው። ወንጀል ነው?»

«እንደ ሰው?» አለች ኔቬና።

ዝላታ ምን እንዳለች ዘግይቶ ገባት። ትሪውን መልሳ አነሳች።

«እንደ ሰው! እኔስ ታዲያ ምንድነኝ? እዚህ ቤት ያደግኩት እንደ ምን ሆኜ ነው?»

«አንቺን አላልኩም።»

«ሁላችሁም ዛሬ እንደሱ አላልኩም ነው የምትሉት! እጅሽ፣ እጅሽ እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም? እናቴን እጇን ያስለመዷት እነዚያ እነ የአናጢው ልጅ ናቸው፤ እኔን ግን ማንም ድንጋይ አልወረወረብኝም፣ ማንም ጥንቸል አላለኝም። አንቺ ብቻ ነሽ! በገዛ ቤቴ አንቺ ብቻ!» እንባዋ መጣ፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አናደዳት። «አሁን ኔጋቲቩን አምጪ።»

«የለም።»

«የት ሄደ?»

ዝላታ በአገጯ ምድጃውን አመለከተች። «አቃጠልኩት። ተመልሰሽ መጥተሽ እንዳታበላሺው ብዬ። ከእንግዲህ ማንም እንዳይለውጠው ብዬ ነው።»

ኔቬና የስንዴውን ትሪ ልትገለብጠው እጇን ዘረጋች። ስንዴው የእናቷ ነው፤ ያዳነው ይህ ብቻ ነው። እጇን አጠፈችና ምድጃውን አየችው። ምድጃው ምን ያደርጋል፣ ቀዝቅዟል፣ ላዩ ላይ ድስት ተጥዷል። በዚያች ቁራጭ ፊልም ላይ አባቷ የተናገረው ቀልድ ነበረ፣ አዲሱ ቀሚስ ነበረ፣ አፏን ያልሸፈነች እናቷ ነበረች። አሁን አመድ ነው፣ አመዱም ምናልባት ተጠርጎ ተደፍቷል።

«ቅዳሜ መቃብሩ ጋ እንዳላይሽ» አለች።

«እህቴ ናት!»

«እንዳላይሽ አልኩ።»

መንገድ ላይ ስትወጣ ቬሊን እያለከለከ ሲመጣ አገኘችው። ሱቁን ክፍቱን ትቶ ነው የመጣው።

«ስልክሽን አታነሺም እንዴ!»

«ሂድልኝ ቬሊን። አቃጥላዋለች። በቃ አልቋል፣ ሂድልኝ።»

«የመጀመሪያው አለ እኮ!»

«የምኑ መጀመሪያ?»

«የመጀመሪያው ስካን። ያልተነካው። የመጀመሪያውን ለብቻ ሳታስቀምጥ አንዲት ነጥብ እንዳትነካ እያልሽ ስትነተርኪኝ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም? አስቀምጬዋለሁ። ልነግርሽ ስል በሩን ደረገምሽብኝ።»

ኔቬና ልትሰድበው ነው ልታቅፈው ነው፣ ራሷም አላወቀችም። ሁለቱንም ተወችውና «በል ና» ብላ ቀድማው ሄደች፤ ጉልበቷን እየጎተተች።

ዓርብ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍቱ ከውስጥ ቆልፈው ተቀመጡ። ያልተነካው ፎቶ ስክሪኑን ሞላው። እናቷ መጣች፤ ሳቋን ይዛ፣ ሐብሐቧን ይዛ፣ ሰማያዊ ሆና። አሮጌ ፊልም እንዲህ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ኔቬና ቀለሙን ቀስ እያለች መለሰችው። ብዙ አልመለሰችውም፤ ሐብሐቡ ሐብሐብ እስኪመስልና ፊቷ ላይ ያለው ፀሐይ የከሰዓት ፀሐይ እስኪሆን ብቻ። ከዚያ አቧራውን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። ማጽጃ የለም፣ አንድ ጊዜ ተጭኖ ሁሉን ጠርጎ መሄድ የለም። ይቺ ከአባቷ ኪስ የመጣች ብናኝ ናት፣ ትነሳ። ይቺ ፀጉር ናት፣ ትነሳ። ይቺ ጉንጭ ላይ ያለችው የራይና ማዲያት ናት፣ ትቀመጥ። አሸዋው እንዳለ ቀረ።

«ከታች በኩል እንደ ያኛው እንቁረጠው?» አለ ቬሊን ከኋላዋ ቆሞ። «ሐብሐቡን ማለቴ ነው። የመርዶ ወረቀት ላይ ሐብሐብ... ቄሱ ምን ይላል?»

«ሐብሐቡ ባይኖር እጇ የት ይሄድ ነበር?»

ቬሊን አሰበበት። «እውነትሽን ነው» አለ።

ከንፈሯ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከአፍንጫ ወደ ከንፈር የሚወርዱ መስመሮች ሁለት ናቸው፣ ጎን ለጎን፣ በጣም ተጠጋግተው። አንዱ ስፌቱ ነው። ሌላው ፊልሙ የተጫረው ጭረት ነው። የትኛው የትኛው ነው? አጎላችው። ስታጎላው ይባስ ተደባለቀ፣ አሸዋ ብቻ ሆነ። ዓይኗን ጨፍና የእናቷን ፊት ልታስታውስ ሞከረች። ዓይኗ መጣላት፣ ግንባሯ መጣላት፣ ከዚያ በታች ያ እጅ መጣባት። ምሳ ላይ ያ እጅ፣ በር ላይ ያ እጅ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ እንኳ የብርድ ልብሱ ጫፍ። ሃምሳ ዓመት አብራት ኖራ የእናቷን ከንፈር አንድ ቀን በደንብ አላየችውም!

«አንቺም!» አለች ኔቬና ስክሪኑን። ቬሊን ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «አንቺም እኮ ነሽ! እሷ ብቻ አይደለችም፣ አንቺም! ምን ነበረበት አንድ ቀን ብታሳዪኝ? እኔ ያው አይደለሁ? ከእኔ ምን ትደብቂያለሽ? ከእኔ!»

ስክሪኑ ላይ ራይና መሳቋን አላቆመችም። ኔቬና ጥቂት ተንፍሳ ተንፍሳ ስታበቃ ከወንበሯ ተነሳች። መታወቂያ ፎቶ የሚነሱ ደንበኞች ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉበት የእጅ መስተዋት በርጩማው አጠገብ ተሰቅሏል። አወረደችው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረች፣ አየች። እንዲህ አድርጋ ራሷን አይታ አታውቅም፤ ሊፕስቲክ ስትቀባ እንኳ በችኮላ፣ ዓይኗን ሰብራ ነው። ስፌቱ ከንፈሯ ላይ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ይወጣል፣ አፍንጫዋ ሥር ሲደርስ ያቺን ትንሽ መታጠፊያ ይታጠፋል። በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ስክሪኑን አየች። ከሁለቱ መስመሮች የቀኙ ቀጥ ብሎ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። የግራው አፍንጫ ሥር ሲደርስ ይታጠፋል።

የቀኙን ዘጋችው። መስተዋቱን በግራ እጇ ይዛ፣ አንዴ መስተዋቱን አንዴ ስክሪኑን እያየች፣ አሸዋ በአሸዋ ዘጋችው። የግራውን አልነካችውም።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ራሷ ዞራ ለጠፈች፣ በገነጠለችበት ምሰሶ ሁሉ። ቬሊን የሙጫውን ባልዲ ተሸክሞላት። ከባይ ጌንቾ በር ፊት ለፊት ሲደርሱ ሽማግሌው መነጽራቸውን ማውጣት ሳያስፈልጋቸው ከአግዳሚው ተነሱ።

«እንዴ፣ ራይና!» አሉ፤ በአጥር በኩል እንዳለች ሁሉ እየጠሯት።

ቅዳሜ ጠዋት መቃብሩ ዙሪያ ሰው ተሰበሰበ። ቄሱ ጸልየው፣ ወይኑ ድንጋዩ ላይ ፈስሶ፣ ንፍሮው በትንንሽ ኩባያ ለሰው ይታደላል። ወረቀቱ መስቀሉ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ቄሱ ሐብሐቡን ሁለቴ አዩትና ንፍሯቸውን ተቀበሉ። ሌሊያ ዝላታ መጥታለች። እንዳላይሽ ተብላ ልትቀር ነው እንዴ፣ እህቷ እኮ ናት! ግን ራቅ ብላ ነው የቆመችው፣ ከአጥሩ ጋ፣ የራሷን ትሪ ስንዴ ይዛ፣ ማን ይቀበለኝ ይሆን ብላ። ኔቬና አየቻት፣ ሰላም አላለቻትም። ሰው ሁሉ ይህን አስተዋለ።

ዝላታ ቆይታ ቆይታ ወደ መስቀሉ ቀረበች። ወረቀቱን አየች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ማንም እንዳይሰማባት ብላ ነው መሰል በጣም ቀስ ብላ «ታቱ ይቺው ናት» አለች። ታቱ ራይናን በልጅነት የምትጠራበት ስም ነው። ኔቬና አጠገቧ ስለነበረች ሰማች፤ ዞር አላለችም። ስለ ምድጃው ገና አልተነጋገሩም።

«ስለዚያ ሐብሐብ ግን» አሉ ባይ ጌንቾ ንፍሯቸውን እያላመጡ፣ «አሁን ነው የገባኝ። ያን በጋ ከማሳዬ ትልቁ ሐብሐብ ጠፍቶብኝ ሦስት ሰው ጠርጥሬ ሦስቱንም አኩርፌ ነበር። ሜቶዲ ከእኔ ጋር ሆኖ ሌባውን ሲረግም ነበር እኮ! ያውም ከእኔ ብሶ!»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ቄሱም ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ኔቬናን ሳቁ ሳታስበው ያዛት፣ ከሆዷ መጣ፣ ፊቷ ሁሉ ወደ ግራ ተሰበሰበ። እጇም ያው እንደ ልማዱ ተነሳ።

አፏ ጋ ሳይደርስ ሌላ እጅ ያዘው። ዝላታ ናት። ትሪውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው የኔቬናን አንጓ ጨምድዳ ወደ ታች ጎተተችው። ትንሽ ሴት ብትሆንም ጉልበት አላት።

«ተይው» አለች ዝላታ። «ይሳቅ።»

ኔቬና ይቅር አላለቻትም። ያን ፊልም ይቅር የምትልበት ቀን ይመጣ እንደሆነም አታውቅም። እጇን ግን አልነጠቀችም፤ እንደተያዘች፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ሳቋን እስከ መጨረሻው ሳቀች።